ትርጉሙን ያውቁታል፣ አያደርጉትም፦ የሕይወት ክህሎትን በፍልስፍናዊ ውይይት ስለ ማስተማር

ጥያቄ፦ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሕይወት ክህሎት መምህር ነኝ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ለሆኑ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ተመድቦልኛል። ተማሪዎቼ የውሳኔ አሰጣጥ ደረጃዎችን በቃላቸው ይወጡታል፤ በፈተናም ጥሩ ነጥብ ያመጣሉ። ከክፍል ከወጡ በኋላ ግን የተማሩት ነገር ሥራ ላይ ሲውል አላይም። ፍልስፍናዊ ማሰላሰል ይረዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ፍልስፍና አልተማርኩም። ለዚህ ዕድሜ አይከብድም ወይ? ያደጉበትን እምነት አናግቶ ሜዳ ላይ አይጥላቸውም ወይ? እንዴትስ ልጀምር? እንዴትስ ልመዝናቸው? ወላጆች ቢቃወሙስ ምን ልበላቸው?

ምላሽ፦ ውድ መምህር፣

ያስተዋሉት ችግር በእርስዎ ክፍል ብቻ ያለ አይደለም፤ የእርስዎን የማስተማር ብቃት የሚያሳንስም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በትምህርት ቤቶች ሊሰጡ ይገባል ብሎ የዘረዘራቸውን አሥር ዋና ዋና የሕይወት ክህሎቶች ይመልከቱ፦ ውሳኔ መስጠት፣ ችግር መፍታት፣ በፈጠራ ማሰብ፣ መርምሮ ማሰብ፣ በአግባቡ መግባባት፣ ከሰው ጋር ያለን ግንኙነት መምራት፣ ራስን ማወቅ፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ስሜትን መግራትና ጭንቀትን መቋቋም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም መረጃ አይደለም። ሁሉም ሰው የሚያደርጋቸው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በጥድፊያና በሰው ፊት የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው። የሚደረግን ነገር በትርጉምና በደረጃ ዝርዝር ስናስተምር ተማሪው ትርጉሙንና ዝርዝሩን ይይዛል፤ ስንፈትነውም የያዘውን በታማኝነት ይመልስልናል። ፈተናው የሚለካው ያስተማርነውን ነው፤ ያስተማርነው ግን እንዲኖራቸው የፈለግነውን አይደለም።

ይህ የግምት ንግግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 በሎስ አንጀለስ የተጀመረውና ፖሊሶች ክፍል ድረስ እየመጡ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የሚያስተምሩበት «ዴር» የተባለው ፕሮግራም በመላው አሜሪካ ተሰራጭቶ ነበር። በ1994 ስለ ፕሮግራሙ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ታተመ፤ ውጤቱም የተማሪዎቹ እውቀት በተሻለ ሁኔታ መጨመሩን፣ ዕፅ በመጠቀም ላይ የታየው ለውጥ ግን እጅግ ትንሽ መሆኑን የሚያሳይ ነበር። ፕሮግራሙ ስለ ጉዳቱ ከማስተማር አልፎ እምቢ ማለትንም ያለማምድ እንደነበር ልብ ይበሉ። ልጆቹ የእምቢታውን ዓረፍተ ነገር ተምረውታል። ዓረፍተ ነገሩ የሚፈለግበት ሰዓት ሲመጣ ግን አጠገባቸው ያለው ፖሊሱ ወይም መምህሩ ሳይሆን ጓደኛቸው ነው።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለኛል። ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት ከ13 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ታዳጊዎችን፣ ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ወጣቶችንና ከዚያ በላይ የሆኑ ጎልማሶችን በኮምፒውተር የመኪና መንዳት ጨዋታ አጫወቱ። ከፊሎቹ ብቻቸውን፣ ከፊሎቹ ደግሞ እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሆነው ተጫወቱ። የእኩያ መኖር ድፍረትን የሚጨምር ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ተጽዕኖ ግን በታዳጊዎቹና በወጣቶቹ ላይ ከጎልማሶቹ ይልቅ የበረታ ነበር። እንግዲህ የ15 ዓመት ልጅ ወንበሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የፈተና ወረቀት ሲሞላ የሚያሳየን ማስተዋል ከእኩዮቹ ጋር ሲሆን የሚያሳየን ማስተዋል አይደለም። የሕይወት ክህሎት ትምህርት እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው እንዳለ አንድ ጭንቅላት ቆጥሮ የሚያስተምር ከሆነ፣ ክህሎቱ የሚፈተንበትን ሁኔታ ጨርሶ አልነካውም ማለት ነው።

ፍልስፍናዊ ውይይትን የምመክርዎ በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪዎች ጥልቅ ሐሳብ እንዲያውቁ ስለሚያደርግ ብቻ አይደለም፤ በእኩዮቻቸው ፊት ምክንያት መስጠትን፣ ምክንያት መጠየቅን፣ የተሻለ ምክንያት ሲያገኙ ሐሳብን መለወጥን የሚያስከብር ነገር ስለሚያደርገው ነው። ታዳጊው ከእኩዮቹ የሚፈልገው ክብር በሌላ ጊዜ በድፍረቱ የሚገኝ ከሆነ፣ በዚህ ክፍለ ጊዜ በማስተዋሉ ይገኛል። ግፊት የሚያደርገው ቡድን ራሱ የሚያከብረውን ነገር ካልለወጠ በስተቀር አንዱን ልጅ ለብቻው ማጠንከር ብዙ አያራምድም።

ፍልስፍናዊ ማሰላሰል ስል የፈላስፎችን ታሪክ ማስጠናት ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። በፈረንሳይ አብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ፍልስፍና ይማራሉ፤ ለአራት ሰዓት ተቀምጠውም የፍልስፍና ፈተና ይጽፋሉ። ይህ የከበረ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እርስዎ የጠየቁት ነገር አይደለም። ለእርስዎ የሚቀርበው መንገድ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር የነበረው ማቲው ሊፕማን በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ነው። ሊፕማን ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወጣቶች አመክንዮ መማራቸው የዕለት አስተሳሰባቸውን እምብዛም እንደማያሻሽለው ተመለከተ፤ በእነርሱ ዕድሜ ትምህርቱ ዘግይቷል ብሎም ደመደመ። ለልጆች ታሪክ ጻፈ፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ልጆችም በገዛ ጥያቄያቸው እየተከራከሩ የማሰብን ሥርዓት ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ጀርዚ በሞንትክሌር የልጆች ፍልስፍና ተቋም መሠረተ፤ ከአን ማርጋሬት ሻርፕ ጋር ሆነውም ሥራውን ወደ ብዙ አገሮች አደረሱት። የዘዴው ማዕከል ክፍሉን ወደ ተመራማሪ ማኅበረሰብ መለወጥ ነው፤ ሐሳቡም ቻርልስ ፐርስ የተባለው ፈላስፋ ሳይንቲስቶች አንዱ የሌላውን ስሕተት እያረሙ ወደ እውነት ስለሚቀርቡበት መንገድ ከጻፈው የተወሰደ ነው።

በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ የተመለከትሁትን ክፍለ ጊዜ ልንገርዎ። መምህሩ ያነበበው ታሪክ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር። ሁለት የልብ ጓደኛሞች አሉ፤ አንደኛዋ እናቷ ታማባት ሳታጠና ፈተና ገባች፤ አጠገቧ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን በለሆሳስ «አሳዪኝ» ስትላት ያቺ ወረቀቷን በክንዷ ሸፈነች። ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል። መምህሩ ማን ልክ እንደሆነ አልጠየቀም፤ በሦስት በሦስት ሆነው አንዳንድ ጥያቄ እንዲያወጡ ነገራቸው፤ ጥያቄዎቹን ሰሌዳ ላይ ጻፋቸውና አንዱን በድምፅ አስመረጣቸው። የተመረጠው ጥያቄ «ጓደኛን እምቢ ማለት ክህደት ነው ወይ?» የሚል ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ልጅ «በችግር ጊዜ ያልደረሰ ጓደኛ አይባልም» አለ፤ ብዙዎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህሩ አልተቃወመውም፤ «ችግሯ የትኛው ነው? የእናቷ መታመም ነው ወይስ ፈተናው?» ብቻ ብሎ ጠየቀና ዝም አለ። ዝምታው ረዘም ሲል አንዲት ልጅ «የእናቷ መታመም ከሆነ ጓደኛዋ መድረስ የነበረባት ሳምንቱን በሙሉ ነው፤ ቤቷ ሄዳ አብራት ማጥናት ትችል ነበር፤ ያኔ ያልደረሰች ልጅ ፈተና ላይ ብታሳያት ደረሰችላት አይባልም» አለች። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ልጅ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላነሳውን አነሳ፤ «የጠየቀችውስ? ብትያዝ እኮ ሁለቱም ናቸው የሚቀጡት። ጓደኛ እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል?» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። እስከዚህ ድረስ ክርክሩ ስለ ተጠያቂዋ ግዴታ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ስለ ጠያቂዋም ሆነ። የመጀመሪያው ተናጋሪ እጁን አነሳና «መጠየቋን አልፈርድባትም፣ ተጨንቃለች፤ ግን ብትከለከል መቀየም የለባትም» አለ። መምህሩ «ይህ መጀመሪያ ካልኸው በምን ይለያል?» ሲለው ጥቂት አሰበና «መጀመሪያ እምቢ ማለት ያው መክዳት ነው ብዬ ነበር፤ አሁን የተለያዩ ይመስሉኛል» ብሎ መለሰ።

በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ የሆነውን ነገር በትኩረት ይመልከቱት። ስለ አቻ ግፊት አንድም ገለጻ አልተሰጠም። ነገር ግን አርባ የሚሆኑ እኩዮች በአንድ ላይ በተቀመጡበት እምቢታና ክህደት ተለያይተው ወጡ፤ ሁሉም ሰሙ፤ ሁሉም ሌሎቹ መስማታቸውን አወቁ። ነገ ከእነርሱ አንዱ ሌላውን እምቢ ሲል፣ እምቢ የተባለው ልጅ ያን ንግግር ሰምቷል። በሞጁል ላይ የተጻፈ «አይ፣ አመሰግናለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይህን ሊሰጥ አይችልም፤ ምክንያቱም የታዳጊው ችግር ቃሉን ማጣት ሳይሆን ቃሉ ጓደኛ ያሳጣኛል የሚለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ደግሞ መሠረት የለሽ አይደለም፤ ስለዚህ መመርመር ያለበት በቁም ነገር ነው። በዚያው ክፍለ ጊዜ መርምሮ ማሰብ፣ መግባባት፣ የሌላን ስሜት መረዳትና ራስን ማወቅ አብረው ተሠሩ፤ ማንም ግን ስማቸውን አልጠራም።

ለዕድሜያቸው አይከብድም ወይ ላሉት፣ አርስቶትል ወጣቶች የሕይወት ልምድ ስለሌላቸው ስለ ሰው ልጅ ምግባር ለሚሰጥ ትምህርት ብቁ አድማጮች አይደሉም የሚል አስተያየት እንደነበረው አውቃለሁ። ልክ የሆነበት በኩል አለ፤ ልምድ የሌለው ሰው ገለጻ ብቻ ቢሰማ የሚያያይዝበት ነገር ያጣል። ነገር ግን ከላይ ባለው ክፍል ማንም ገለጻ አላዳመጠም፤ ሁሉም ስለሚያውቁት ነገር ነበር የሚናገሩት። ጓደኝነት፣ ፍትሕ፣ ውርደት፣ ተስፋ መስጠትና ማፍረስ፣ መመሳሰልና መለየት ለ15 ዓመት ልጅ የሩቅ ጽንሰ ሐሳቦች አይደሉም፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሱት ጉዳዮች ናቸው። ዣን ፒያዤ ልጆች ከ11 እና ከ12 ዓመት አካባቢ ጀምሮ በዓይን ከሚታየው አልፈው «እንዲህ ቢሆንስ» ብለው ማሰብ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ዴቪድ ኤልካይንድ ደግሞ በ1967 ታዳጊዎች ሁልጊዜ ሌሎች የሚመለከቷቸው እንደሚመስላቸው፣ የእነርሱ ስሜት ከማንም የተለየና ማንም የማይረዳው አድርገው እንደሚያስቡ ጽፏል። ውይይቱ ለዚህም ይበጃል፤ አንድ ልጅ ለብቻው የተሸከመው የመሰለውን ጥያቄ ሌሎች አምስት ልጆች ሲጠይቁት መስማቱ በራሱ እፎይታ ነው።

እምነታቸውን ማናጋት ያሉት ሥጋትዎ ከሁሉም ይበልጥ ክብደት የሚሰጠው ነው፤ አቅልሎ የሚመልስልዎትን ሰው አይመኑት። ሥጋቱ ከፍልስፍናው እኩል ያረጀ ነው። ፕላቶን ራሱ ክርክርን ቶሎ የቀመሱ ወጣቶች ያገኙትን ሁሉ እንደሚጎትቱና እንደሚቦጫጭቁ ቡችሎች እንደሚሆኑ፣ በመጨረሻም ምንም ነገር የማያምኑ ሆነው እንደሚቀሩ አስጠንቅቋል። ይህን አደጋ የሚያመጣው ግን መጠየቁ ሳይሆን መርታት ዓላማ ሲሆን ነው። ስለዚህ ክፍልዎን የክርክር ውድድር አያድርጉት፤ «የደጋፊ ቡድን» እና «የተቃዋሚ ቡድን» ብለው አይክፈሉት፤ ለአሸናፊ ሽልማት አይስጡ። ሐሳቡን የለወጠውን ልጅ ግን በስም ጠርተው ምን እንዳስለወጠው ይጠይቁት፤ ክፍሉ ሐሳብ መለወጥን እንደ ሽንፈት ማየት የሚተወው በዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ብዙ መምህራን የማያስተውሉት ነው። ውይይቱ ሞቅ ብሎ ከቆየ በኋላ አንድ ተማሪ «እንግዲህ ሁሉም የራሱ አመለካከት አለው» ይላል፤ ሁሉም ይስማማሉ፤ መምህሩም በመቻቻል ያበቃ መስሎት ደስ ይለዋል። እኔ ግን ይህን አነጋገር የውይይት መዝጊያ እንዲሆን በፍጹም አልፈቅድም። ሁሉም አመለካከት እኩል ከሆነ ምክንያት መፈለግ ትርጉም አይኖረውም፤ ደካማውን የሚበድለውም «የራሴ አመለካከት ነው» ብሎ ማምለጥ ይችላል። ተማሪው ይህን ሲልዎ «ከሰማናቸው ምክንያቶች ውስጥ ደካማ የነበረው የትኛው ነው? ለምን?» ብለው ይጠይቁት። አንድ ደካማ ምክንያት ለይቶ ማውጣት ከቻለ፣ ሁሉም እኩል አለመሆናቸውን ራሱ አምኗል።

ለውይይት የማይከፈቱ ነገሮችም አሉ፤ አስቀድመው ይወስኗቸው። የአንድ ሰው ሰብዓዊ ክብር በክፍሉ ውስጥ ለድምፅ አይቀርብም። በማስረጃ የታወቀ የጤና እውነታ «እናንተ ምን ይመስላችኋል?» አይባልበትም፤ ሲጋራ ሳንባን ይጎዳል አይጎዳም የሚለው የፍልስፍና ጥያቄ አይደለም፤ «ጉዳቱን እያወቀ የሚያጨስ ሰው ነጻ ነው ወይ?» የሚለው ግን ነው። ተማሪዎች የግል ምሥጢራቸውን እንዲያወጡ የሚገፋፋ ጥያቄም አይጠይቁ፤ በታሪክ ውስጥ ባለ ሰው በኩል መነጋገር የሚበጀው ለዚህ ነው፤ ልጁ ስለ ራሱ እየተናገረ ሳይጋለጥ ይቆያል። አንድ ልጅ ግን ጥቃት እየደረሰበት መሆኑን የሚጠቁም ነገር ቢናገር ውይይቱን በርጋታ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይውሰዱት፤ ከዚያም ልጁን ለብቻው ያነጋግሩት፤ በትምህርት ቤቱ ሥርዓት መሠረትም ለሚመለከተው አማካሪ ያድርሱት። የፍልስፍና ክፍለ ጊዜ የሕክምና ቦታ አይደለም።

ስሜትንና ጭንቀትን በተመለከተ ፍልስፍና የሚሰጠው ነገር ከውይይት ዘዴም ያልፋል። በባርነት የተወለደው የሮም ዘመን ፈላስፋ ኤጲክቴጦስ ትምህርቱን የጀመረው በእኛ ሥልጣን ሥር ያለውንና የሌለውን በመለየት ነበር፤ ሰዎችን የሚያውካቸው ነገሩ ራሱ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያላቸው ፍርድ ነው ብሎም አስተምሯል። በ1950ዎቹ አልበርት ኤሊስ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ አሮን ቤክ ያዳበሯቸው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ለጭንቀትና ለድባቴ የሚሰጡት በአስተሳሰብ ላይ የተመሠረቱ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ከዚህ ሐሳብ ጋር ያላቸውን ዝምድና ሁለቱም በግልጽ ተናግረዋል። በክፍል ውስጥ በቀላሉ ይሠራል። ተማሪዎች አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለው፣ በፈተና መውደቅ የደረሰበት የታሪክ ገጸ ባሕርይ ከሚያስባቸው ነገሮች ውስጥ በእጁ ያሉትን በአንድ ወገን፣ በእጁ የሌሉትን በሌላ ወገን ይጽፋሉ። የወጣው ነጥብ ከእጁ ወጥቷል፤ መምህሩን ስሕተቱን እንዲያሳየው መጠየቅ በእጁ ነው፤ «እኔ ደደብ ነኝ» የሚለው ፍርድስ በየትኛው ወገን ይጻፍ? ብዙውን ጊዜ ክፍሉ የሚከፋፈለው በዚህ ሦስተኛው ላይ ነው፤ ያን ክፍፍል አያቻኩሉት፣ ጊዜ ይስጡት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ይህ ትምህርት በስሕተት ሲሰጥ አይቻለሁና። በልጁ ሥልጣን ሥር የሌለ ነገር ሁሉ ልጁ በትዕግሥት ሊቀበለው የሚገባ ነገር አይደለም። የሚደበድበውን ተማሪ ባሕርይ መለወጥ አይችልም፤ መናገርና እርዳታ መጠየቅ ግን ይችላል፤ ማስቆሙ ደግሞ የአዋቂዎች ግዴታ ነው። ይህን ሐሳብ በደልን የመሸከም ትምህርት አድርጎ የሚያቀርበው መምህር ልጁን አስታጥቆ ሳይሆን አስሮ ነው የሚልከው።

አጀማመሩ ፍልስፍና መማርን አይጠይቅም፤ ዝም ማለትን መልመድ ግን ይጠይቃል። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም፣ በምክንያት እንደሚደገፍ፣ ከዚህ ቀደም የማይናገሩትም መናገር እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። በፍልስፍናዊ ጥያቄ ላይ 3 ሰከንድም አይበቃም። ከውይይቱ በፊት ሁሉም ለሁለት ደቂቃ በዝምታ እንዲጽፉ ማድረግ ዓይን አፋሮቹን በእጅጉ ይረዳል፤ ምክንያቱም ድምፃቸው ቢከዳቸው የጻፉትን ማንበብ ይችላሉ።

ተማሪዎቹ ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ጀርባ ለጀርባ ሆኖ መነጋገር ከመምህሩ ጋር ብቻ መነጋገር ነው። ክፍሉ ብዙ ተማሪዎች ያሉት ከሆነ አሥራ አምስቱ በውስጥ ክብ ይነጋገሩ፤ ሌሎቹ በውጭ ሆነው እያንዳንዳቸው አንድን ተናጋሪ ይከታተሉ፤ ምን ምክንያት እንደሰጠ፣ ለማን እንደመለሰ፣ ሐሳቡ እንደተለወጠ ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጡ። የእርስዎ ድርሻ በጣት የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ደጋግሞ መጠየቅ ነው፦ ለምን እንዲህ አልህ? ምሳሌ አለሽ? ይህ የማይሠራበት ሁኔታ ይኖር ይሆን? እርሷ ያለችውን በራስህ ቃል ልትነግረን ትችላለህ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መመለስ የመግባባት ክህሎት ዋናው ልምምድ ነው። የራስዎን አቋም ቢጠየቁ አይዋሹ፤ ነገር ግን «እናንተ ከጨረሳችሁ በኋላ እነግራችኋለሁ» ይበሉ። መምህሩ አስቀድሞ የተናገረበት ውይይት መልስ የማፈላለግ ጨዋታ ይሆናል።

ውይይት ብቻውን በቂ ነው ብዬ ግን አልመክርዎትም። በጥሩ ሁኔታ አስቦ በጥሩ ሁኔታ የማያደርግ ሰው ብዙ ነው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ አንዱን ክፍለ ጊዜ ለድርጊት ይስጡት። ስለ እምቢታና ክህደት የተነጋገሩት ተማሪዎች በሚቀጥለው ሳምንት ትዕይንቱን ራሱን ይጫወቱት፤ ወረቀቷን የሸፈነችው ልጅ ከፈተናው በኋላ በር ላይ ጓደኛዋን ስታገኛት ምን ትላለች? ይህኛው ከእምቢታው ይከብዳል። ብዙዎቹ ተማሪዎች ትክክለኛውን ሐሳብ ይዘው ቃሉ አፋቸው ላይ ሲደርቅ ያያሉ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩት ግን የራሳቸውን አነጋገር ያገኛሉ። ሞጁልዎን መጣል የለብዎትም፤ ደረጃዎቹ ከውይይቱና ከልምምዱ በኋላ ሲመጡ ተማሪው አስቀድሞ ለሠራው ነገር ስም ያገኛል።

ማስረጃውን በተመለከተ ተስፋዎን ልክ ላይ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ። በስኮትላንድ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 የሆኑ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ሰዓት ለ16 ወራት ያህል እንዲህ ያለ ውይይት አድርገው በአስተሳሰብ ችሎታ ፈተና መሻሻል አሳዩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈተኑም መሻሻሉ አልጠፋም፤ ውጤቱ በ2007 ታትሟል። በእንግሊዝ በ48 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ2015 ይፋ የሆነ ሙከራ በንባብና በሒሳብ የሁለት ወር ያህል ተጨማሪ እድገት አገኘ፤ ከእርሱ የሰፋውና በ2021 የታተመው ሙከራ ግን በንባብ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ ለርዕሰ መምህርዎ «ውጤት ያሻሽላል» ብለው ቃል አይግቡ። የሚፈልጉት ለውጥ በፈተና ነጥብ ላይ የሚታይ አይደለም፤ በአንድ ወር ውስጥም አይታይም።

ለምዘናው አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፦ አቋም ነጥብ አይሰጠውም። ተማሪው የእርስዎን ሐሳብ በመደገፉ አንድ ነጥብ እንኳ ካገኘ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ የሚያስበው ነጥቡን እንጂ ጥያቄውን አይሆንም። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ በደብተር ጥቂት መስመር ያስጽፏቸው፦ መጀመሪያ ምን አስብ ነበር፣ የትኛው ምክንያት አሳሰበኝ፣ የማን፣ አሁን የት ነኝ። በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ተማሪው ከጻፋቸው ውስጥ ሁለቱን ራሱ መርጦ ያቅርብ፤ እርስዎም ምክንያቱ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ፣ ተቃራኒውን ሐሳብ በሐቅ እንዳቀረበው፣ የቀየረውን ወይም ያጸናውን ለምን እንደሆነ ማስረዳቱን ይመዝኑ። በእምነቱ ጸንቶ የቀረ ተማሪ ምክንያቱን ካጠራ ከለወጠው እኩል ነጥብ ይገባዋል፤ ይህን በቃልም ይንገሯቸው። በቃል ያልተሳተፈውን ልጅ በዝምታው አይቅጡት፤ ደብተሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ያሳይዎታል።

ወላጆች ተቃውሞ የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ በፍልስፍና ላይ ሳይሆን «ልጄ መልስ መስጠት አበዛ» በሚለው ላይ ነው፤ ቅሬታቸውም አልፎ አልፎ እውነት አለው። ስለዚህ ውይይቱን ከመጀመርዎ በፊት ይጥሯቸው፤ ስለ ዘዴው ገለጻ አይስጧቸው፤ የፈተናውን ታሪክ አንብበውላቸው ለግማሽ ሰዓት እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩበት ያድርጉ። በልጆቻቸው ክፍል የሚሠራውን ሥራ ራሳቸው ሲሠሩት ሃይማኖታቸውም አስተዳደጋቸውም እንዳልተነካ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ለተማሪዎቹ በቤት የሚሠራ አንድ ሥራ ይስጧቸው፤ ከአንድ አዋቂ ዘመዳቸው ጋር ተቀምጠው ጓደኛቸውን ወይም ወንድማቸውን እምቢ ያሉበትን ጊዜና ያሉበትን ምክንያት ይጠይቁ፤ ሳያቋርጡ ይስሙ፤ የሰሙትንም ባለታሪኩ «ልክ ነው» እስኪላቸው ድረስ መልሰው ይንገሩት። የቤቱን ቅሬታ በቀጥታ የሚመልሰው ይህ ሥራ ነው፤ ልጁ ከዚህ ክፍለ ጊዜ ወደ ቤቱ ይዞት የሚመጣው የመጀመሪያ ነገር ማዳመጥ ይሆናልና።